ጩቤ ለመዘዘ ሰው ባዶ እጅ የሚሰጠው መልስ

የቤተ ሰብ አባት የሆነ ሰው ሁሉ ልጆቹን ከሚያስጠነቅቅባቸው ነገሮች መካከል እሳት፣ ጥልቅ ውሃ፣ የሚበር መኪናና ክፉ ባልንጀራ ዘወትር ይገኛሉ። ስለ ስለት ግን የምንናገረው «እጅህን እንዳይቈርጥህ» ከማለት አያልፍም። ነገር ግን ቢላዋ የሌለበት ማድ ቤት፣ ካራ የማይሸጥበት ገበያ የለም፤ ጠመንጃ ለመያዝ ፈቃድና ብዙ ገንዘብ ሲያስፈልግ፣ ስለት ግን ቍጣ በነደደ ሰዓት እጅ ፈጥኖ የሚያገኘው መሣሪያ ነው። ስለዚህ ይህን ጉዳይ አንሥተን በእርጋታ ብንነጋገርበት ከቤተ ሰብ ነገር የራቀ አይደለም ብለን እናምናለን።

ዊንግ ቹን የሚባለውን የቻይና የእጅ ጥበብ መማር ከጀመርን ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ይህንንም የሚያውቁ ወዳጆቻችን በሰርግም ሆነ በለቅሶ ቤት ስንገናኝ የሚያቀርቡልን ጥያቄ አንድ ነው፤ «እንግዲህ አንድ ሰው ጩቤ መዝዞ ቢመጣብዎ ምን ያደርጋሉ?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ የሚጠብቁት ተአምር የመሰለ መልስ ነው፤ ስለቱ በአየር ላይ ሳለ ተይዞ፣ ተጠምዞ፣ መሬት ላይ ሲወድቅ እንድንተርክላቸው ይፈልጋሉ። እኛ ግን «መንገድ ካገኘን እንሸሻለን» ስንላቸው አንዳንዱ ይሥቃል፤ አንዳንዱም ዓመታችንን በከንቱ እንደ ፈጀን ቈጥሮ ያዝንልናል። ይህ ጽሑፍ ያን አጭር መልስ ለማብራራት የተጻፈ ነው።

ይልቁንም እንድንጽፍ ያስገደደን የእኅታችን ልጅ ነው። ዕድሜው 17 ዓመት ሲሆን፣ እርሱም ይህንኑ ጥበብ ከኛ ጋራ ይማራል፤ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ቤቱ የሚመለሰውም ሲመሽ፣ ሰው በሚሳሳበት መንገድ ነው። በ2008 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ የኛ ነው ካላልን በቀር፣ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) የወጣውን «ኢፕ ማን» የተባለውን ሲኒማ ደጋግሞ አይቶታል፤ በዚያ ሲኒማ ዋናው ሰው ከ10 ተፋላሚዎች ጋራ ብቻውን ገጥሞ ያሸንፋል። አንድ ቀን ማታ ከእናቱ ፊት ሆኖ «አሁንስ ጩቤ የያዘ ሰው ቢመጣ አልፈራም» ሲል ሰማነው። እናቱም በልጅዋ ጀግንነት ደስ ሊላት ሲገባ ፊትዋ ተለወጠ። እኛም የእኅታችን ፍርሃት ከልጁ ድፍረት ይልቅ ወደ እውነት የቀረበ መሆኑን ስለምናውቅ ዝም ማለት አልተቻለንም።

አስቀድሞ ጥበቡ ምን እንደ ሆነ ለማያውቁት አንባቢዎቻችን ጥቂት እንናገር። «ዊንግ ቹን» ማለት በቻይናውያን አጻጻፍ ጸደይን ማመስገን፣ ለጸደይ መዘመር እንደ ማለት ነው። አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል፤ የሻኦሊን ገዳም በመንግሥት ወታደሮች በተቃጠለ ጊዜ ንግ ሙይ የተባለች መነኵሲት አምልጣ በተራራ ላይ ተቀመጠች። በዚያ አጠገብ ዪም ዊንግ ቹን የምትባለውን ልጃገረድ አንድ ጕልበተኛ «በግድ አገባሻለሁ» እያለ ያስጨንቃት ነበር። መነኵሲቲቱም ዐዘነችላትና ወደ ተራራው ወስዳ ጥበቡን አስተማረቻት፤ ልጅቱም ተምራ ተመለሰች፤ ጕልበተኛውን በእጅዋ አሸንፋ ነፃ ወጣች። ይህ ነገር በታሪክ ማስረጃ የጸና አይደለም፤ ቢሆንም ባለ ጥበቦቹ ስለ ጥበባቸው ምን እንደሚያስቡ ይገልጻል፤ ይኸውም ጕልበት ያነሰው ሰው ጕልበት ከበዛበት ሰው ራሱን የሚያድንበት ነው የሚል ነው።

ታሪኩ ይበልጥ የሚታወቀው በደቡብ ቻይና በጓንግዶንግ አውራጃ በምትገኘው በፎሻን ከተማ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ሊዩንግ ጃን የተባለ ሐኪም በዚያች ከተማ መድኃኒት እየቀመመ በሽተኛ ሲያክም ይህንንም ጥበብ ያውቅ ነበር፤ እርሱም ለቻን ዋ ሹን አስተማረ፤ ቻን ዋ ሹንም በ1893 ዓ.ም. ለተወለደው ለኢፕ ማን ገና በልጅነቱ አስተማረው። ኢፕ ማን የባለጠጋ ቤት ልጅ ነበር። በ1949 ዓ.ም. በቻይና መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ቤቱንና ሀብቱን ትቶ ወደ ሆንግ ኮንግ ተሻገረ፤ በ1950 ዓ.ም.ም በዚያ በምግብ ቤት ሠራተኞች ማኅበር ውስጥ ማስተማር ጀመረ። በዓለም ሁሉ ስሙ የታወቀው ብሩስ ሊ በ1950ዎቹ ዓመታት በወጣትነቱ ከርሱ ዘንድ ተምሯል። ኢፕ ማን በ1972 ዓ.ም. ዐረፈ፤ ብሩስ ሊም በተከታዩ ዓመት በ1973 ዓ.ም. በሆንግ ኮንግ ሞተ።

የዚህ ጥበብ ሕጎች ለመናገር ቀላል፣ ለመፈጸም ግን ከባድ ናቸው። አንደኛው የመካከል መሥመር ነው፤ ከራስ እስከ ብልት በሰውነታችን መካከል ላይ የሚወርድ መሥመር እንዳለ እናስባለን፤ ዐይን፣ ጕሮሮ፣ ልብና ሆድ በዚህ መሥመር ላይና በአጠገቡ ስላሉ፣ የራስን መሥመር መጠበቅ የሌላውንም መያዝ የትምህርቱ መጀመሪያ ነው። ሁለተኛው ቍጠባ ነው፤ እጅ ከሚያስፈልገው በላይ ሩቅ አይሄድም፤ ቀጥተኛው መንገድ ከጠማማው ያጥራልና። ሦስተኛው መከላከልና መምታት ሁለት ሥራ ሳይሆኑ በአንድ ቅጽበት የሚፈጸሙ መሆናቸው ነው። አራተኛው «ቺ ሳኦ» ማለት የሚጣበቅ እጅ በሚባለው ልምምድ የሚገኘው ነው፤ ሁለት ሰዎች ክንድ ለክንድ ተነካክተው ሲለማመዱ፣ ዐይን ሳያይ ቆዳ የሌላውን አሳብ ማወቅ ይለምዳል። የመጣውን መቀበል፣ የሚሄደውን መሸኘት፣ መንገድ በተከፈተ ጊዜም ወደ ፊት መግባት ይሉታል።

የመጀመሪያው የልምምድ ሥርዐት «ሲዩ ኒም ታኦ» ይባላል፤ ትርጕሙም ትንሽ አሳብ ማለት ነው። ተማሪው እግሩን ሳያንቀሳቅስ ቆሞ እጁን ብቻ በዝግታ ያወጣል፤ ያገባል። ሁለተኛው «ቹም ኪዩ» ድልድይ መፈለግ ማለት ሲሆን፣ ሰውነትን ማዞርና መራመድን ያስተምራል። ሦስተኛው «ቢዩ ጂ» የሚወረወር ጣት ማለት ነው፤ እርሱም የመካከሉን መሥመር ያጣ ሰው በጭንቅ ሰዓት እንዴት አድርጎ እንደሚመልሰው ያሳያል። ከእነዚህ በኋላ ከእንጨት በተሠራ የልምምድ ሰው ላይ ይሠለጥናል። ከሁሉ በኋላም መሣሪያ ይመጣል፤ አንዱ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ረጅም ዘንግ ነው፤ ሁለተኛው በሁለት እጅ የሚያዙ ጥንድ አጫጭር ሰፋፊ ስለቶች ናቸው።

እዚህ ላይ አንባቢያችን አንድ ነገር ያስተውልልን። ይህ ጥበብ ራሱ ስለት አለው፤ ስለቱን ግን የሚሰጠው በመጨረሻ፣ ዓመታት ለቈየና ጠባዩ ለተመረመረ ተማሪ ነው። እኛ እንደ ተመለከትነው፣ በሁለት ስለት የሚጫወቱት አዋቂዎች ከሰው ሁሉ ይልቅ ስለትን የሚፈሩ ናቸው። ስለትን የማይፈራው ስለትን በሲኒማ ብቻ ያየ ሰው ነው።

ምክንያቱም ስለት የጥበቡን ሕግ ይለውጣል። ቡጢ ሲመጣ ክንዳችን ድልድይ ይሆናል፤ ቢነካንም ይበልዛል እንጂ አይከፈትም። ስለት ሲመጣ ግን መነካት ራሱ መቈረጥ ነው። ቡጢ ኀይል የሚኖረው ሲሄድ ነው፤ ስለት ግን ሲሄድም ይወጋል፣ ሲመለስም ይሰነጥቃል። እንግዲህ የሚሄደውን እጅ እሸኛለሁ ብሎ በስለቱ ላይ የሚጣበቅ ሰው መዳፉንና ጅማቱን ይሰጣል። በተጨማሪም በልምምድ አዳራሽ ባልንጀራችን አንድ ጊዜ ወግቶ እጁን ዘርግቶ ይቆምልናል፤ እኛም በዚያች በቆመች እጅ ላይ ጥበባችንን እናሳያለን። እውነተኛው ነፍሰ ገዳይ ግን እጁን ዘርግቶ አይቆምም፤ በአንድ እጁ ልብስ ጨምድዶ ይይዛል፣ በሌላው እጁ እንደ ስፌት መኪና መርፌ አከታትሎ ይወጋል፤ ብዙ ጊዜም የተወጋው ሰው ቡጢ የተመታ ይመስለዋል እንጂ ስለቱን ፈጽሞ አያየውም።

ይህን ለእኅታችን ልጅ በቃል ብንነግረው አልሰማንም። ስለዚህ መምህራችን አንድ ቀን ልጆቹን ሁሉ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው እንዲመጡ አዘዙ። የላስቲክ ቢላዋ አመጡ፤ ስለቱን በሚሆንበት በኩል ቀይ የከንፈር ቀለም ቀቡት፤ ቢላዋውንም ጥበቡን ተምሮ ለማያውቅ ለአንድ ጐረምሳ ሰጥተው «እንደ ፈቀድህ አድርግ፤ እርሱም እንደ ተማረው ይከላከል» አሉ። የእኅታችንም ልጅ ቀድሞ ወጣ። የመጀመሪያውን ውጊያ በጥሩ አኳኋን መለሰ፤ እጁም እንደ ተማረው ከመምታት ጋራ አብሮ ሠራ። ከዚያ በኋላ ግን የሆነውን ለመቍጠር ዐይናችን አልደረሰም። ጐረምሳው ምንም ሥርዐት ሳይኖረው፣ በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ይወጋና ይመልስ፣ ይወጋና ይመልስ ነበር። መምህራችን «በቃ» ባሉ ጊዜ የልጁ ሸሚዝ በክንዱ፣ በጐኑና ከአንገቱ በታች በቀይ ቀለም ተዥጐርጕሮ ታየ። ከርሱ በኋላ የወጡት ከርሱ የሚበልጡ ተማሪዎችም ንጹሕ ሸሚዝ ይዘው አልተመለሱም፤ የኛም ሸሚዝ ንጹሕ አልነበረም።

ልጁም ለረጅም ጊዜ ሸሚዙን ሲመለከት ቈይቶ «ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ የስለት መከላከያው የመጀመሪያ ትምህርት የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀ። መምህራችን መልስ በመስጠት ፈንታ ከኪሳቸው የገንዘብ ቦርሳቸውን አወጡ፤ ከልጁ እግር ርቆ ወደ ግራ በኩል ወረወሩት፤ እርሳቸውም ወደ ቀኝ በኩል ወደ በሩ ሄዱ። ከበሩ ላይ ሆነው «የመጀመሪያው ይህ ነው» አሉት። ሁሉም ሣቁ፤ መምህሩ ግን አልሣቁም።

ይህ ቀልድ አይደለም። ስለት ይዞ የሚመጣ ሰው ሁለት ዐይነት ነው። አንዱ ስለቱን ያሳያል፤ የሚያሳየውም ገንዘብ ወይም ዕቃ ስለሚፈልግ ነው፤ ለርሱ የሚፈልገውን መስጠትና መለየት ይበቃል፤ ገንዘብ ይተካል። ሁለተኛው ስለቱን ይሰውራል፤ የሚሰውረውም የሚፈልገው ሰውየውን ራሱን ስለ ሆነ ነው፤ ከርሱ ጋራ ንግግር አይሠራም፤ ሩቅ መሆን ወይም በመካከል ግንብ ማድረግ ያስፈልጋል። ወደ ሌላ ቦታ ሊወስደን የሚፈልግ ሰው ቢሆን ግን፣ የሚወስደን ሰው ወደማያይበት ስለ ሆነ፣ ገና ሰው ባለበት ቦታ ሳለን መጮኽና ማምለጥ ይሻላል።

ስለ ርቀት የታወቀ ነገር እንናገር። በአሜሪካ በሶልት ሌክ ሲቲ ከተማ የፖሊስ አሠልጣኝ የነበረው ዴኒስ ተለር በ1983 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ገለጸው፣ ስለት የያዘ ሰው 21 ጫማ፣ ይህም ከ6 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው፣ ሮጦ ለመድረስ አንድ ሰኮንድ ተኩል ያህል ይበቃዋል፤ የሠለጠነ ፖሊስም ሽጕጡን ከአፎቱ አውጥቶ ለመተኰስ የሚፈጅበት ጊዜ ይህንኑ ያህል ነው። ሽጕጥ የታጠቀ ሰው በዚህ ርቀት ላይ ከተቸገረ፣ ባዶ እጁን የቆመ ሰው በክንድ ርቀት ላይ ሆኖ «ጥበብ አውቃለሁ» ቢል ምን ያህል ይተማመናል?

እንግዲህ የእኅታችን ልጅ ከዚያ አዳራሽ ወጥተን ስንሄድ የጠየቀን ጥያቄ ተገቢ ነበር። «አጎቴ፣ እንዲህ ከሆነ ታዲያ ለምን እንማራለን?» አለን። እኛም የመለስንለት ይህ ነው፤ ጥበቡ የተሰጠን ጩቤ የያዘውን ሰው ለማሸነፍ ሳይሆን፣ ወደ ቤት የምንመለስበትን በር ለመክፈት ነው። የተማርናቸው ሕጎች ሁሉ በዚህ ዐይን ቢታዩ አንዱም አይወድቅም።

የመካከል መሥመርን መጠበቅ ከአካላችን በፊት በመንገድ ላይ ይጀምራል። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» እንዳለው ያገራችን ሰው፣ ወደ አንድ ቤት ስንገባ መውጫው በየት እንደ ሆነ ማየት፣ የሚቀርበንን ሰው ከፊቱ ይልቅ እጁን መመልከት፣ እጁን ከኪሱ የማያወጣውን ወይም ከጀርባው የሚደብቀውን ወደ ክንዳችን ርቀት አለማስገባት፣ ይህ ሁሉ መሥመርን መጠበቅ ነው። በመካከላችን ጠረጴዛ፣ መኪና ወይም በር ካለ፣ ስለቱ እርሱን ዞሮ እስኪመጣ ድረስ እግር ሥራውን ይሠራል።

የረጅሙ ዘንግ ትምህርት ደግሞ የሚነግረን ከስለቱ የሚረዝም ነገር ወዳጅ መሆኑን ነው። ወንበር አራት እግሩን ወደ ፊት አድርጎ ቢያዝ ጋሻም ጦርም ይሆናል። ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ከዘራቸውን ከፍ አድርገው ለመምታት ከሚያወናጭፉ ይልቅ ጫፉን በሰውየው ፊት አንጻር ቀጥ አድርገው ቢይዙ ይበልጥ ይጠቅማቸዋል፤ ቀጥተኛው መንገድ ያጥራልና። ጋቢ ወይም ካፖርት በግራ ክንድ ላይ ቢጠመጠም፣ ስለቱን ባያስቀርም ጕዳቱን ሊያሳንስ ይችላል።

መንገድ ተዘግቶ፣ ግድግዳ ከኋላ፣ ስለት ከፊት ከሆነ ግን ያን ጊዜ ጥበቡ እጅ ይሆናል። ከሁሉ አስቀድሞ አገጭን ዝቅ አድርጎ አንገትን መሰወር፣ ሁለቱን ክንዶች ከደረት ፊት ማቆም ያስፈልጋል። የክንድ የውስጡ ወገን ዋና ዋና የደም ሥሮችና ጅማቶች ያሉበት ስለ ሆነ ወደ ራሳችን ይዞር፤ የውጭው ወገን ወደ ስለቱ ይሁን። ክንድ እንደሚቈረጥ አስቀድሞ በልብ መቀበል ይገባል፤ በክንድ የሚገኝ ቍስል ከአንገትና ከሆድ ቍስል ይሻላልና። ከዚያ በኋላ ስለቱን ማሳደድ አይገባም፤ ስለቱ ይፈጥናል፤ የሚይዘው ክንድ ግን ከስለቱ ይልቅ የዘገየ ነው፤ ክርን ደግሞ ከእጅ አንጓ ይልቅ የዘገየ ነው። ስለዚህ በሁለት እጅ ያን ክንድ ከክርኑ አጠገብ ጨብጦ ከሰውነት ጋራ አጣብቆ መያዝ፣ ከያዙም አለመልቀቅ፣ በዚያው ቅጽበት በራስ፣ በክርን፣ በጕልበት እየመቱ ወደ ፊት መግፋት ነው። የሚጣበቅ እጅ ጥቅሙ የሚታየው በዚህ ነው፤ የተያዘው ክንድ ሊያመልጥ ሲል ቆዳችን ከዐይናችን ቀድሞ ያውቃል። ይህን ሁሉ ስናደርግ ዝም አንልም፤ «ጩቤ ይዟል!» ብሎ መጮኽ ለሚረዳን ሰው መጥሪያ፣ ለሌላውም ማስጠንቀቂያ ነው። ሰውየው በተንገዳገደ ጊዜ ደግሞ ልናሸንፈው አንቈይም፤ በሩ ተከፍቷልና እንሄዳለን።

በዊንግ ቹን ትምህርት ቤቶች ዘንድ ስለ እጅ አያያዙ የተለያየ አሳብ መኖሩን አንሰውርም፤ አንዳንዱ ወደ ውጭ መሸሽን፣ አንዳንዱ ወደ ውስጥ መግባትን ያስቀድማል። በአንድ ነገር ግን ቀለም በተቀባ ቢላዋ የተፈተኑ ሁሉ ይስማማሉ፤ ሰው በዚያ ሰዓት የሚያደርገው ያሰበውን ሳይሆን የለመደውን ነው። ልምምዱም በእውነተኛ ስለት እንዳይሆን፣ ዐይንም ያለ መከላከያ መነጽር እንዳይቀር አጥብቀን እናሳስባለን።

ከሸሹም በኋላ ነገሩ አላለቀም። በድንጋጤ ጊዜ ሰው መወጋቱን አያውቅም፤ ስለዚህ ደኅና ቦታ እንደ ደረሰ አንገቱን፣ ብብቱን፣ ጐኑንና ጭኑን በእጁ ዳስሶ እጁ ላይ ደም መኖሩን ይመልከት። የአዋቂ ሰው ደም 5 ሊትር ያህል ነው፤ ትልቅ የደም ሥር ከተቈረጠ ሰው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። በዚህ ምክንያት በአሜሪካ በ2015 ዓ.ም. «ደሙን አቁም» የተባለ ዘመቻ ተጀምሮ፣ ሐኪም ያልሆነ ሰው ሁሉ ሐኪም እስኪደርስ ድረስ የሚያደርገውን እንዲማር ተደረገ። ትምህርቱ አጭር ነው። በቍስሉ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ በሁለት እጅ፣ በሰውነት ክብደት ጭምር፣ ሳያቋርጡ መጫን ነው፤ ደሙ ቆመ አልቆመ ብሎ በየጊዜው ገልጦ ማየት አይገባም። የእጅ ወይም የእግር ቍስል ሆኖ በመጫን አልቆም ካለ፣ ከቍስሉ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በመጋጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ለዚህ በተሠራ ሰፊ ማሰሪያ ደሙ እስኪቆም ድረስ አጥብቆ ማሰርና የታሰረበትን ሰዓት ጽፎ መያዝ ነው። ስለቱ በሰውነት ውስጥ ተተክሎ ከቀረ ግን አይነቀል፤ ባለበት እንዳይነቃነቅ በጨርቅ ዙሪያውን ደግፎ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። ይህን ትምህርት ከእጅ ጥበቡ በፊት ለቤተ ሰብ ሁሉ ማስተማር የሚገባ ይመስለናል፤ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላልና።

የሕግንም ነገር አንርሳ። በኛ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ራሱን ወይም ሌላውን ሰው ከሕገ ወጥ ጥቃት የሚከላከል ሰው እንዳይቀጣ ይደነግጋል፤ ነገር ግን ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል መሆኑንና መከላከሉ ከአደጋው ጋራ የተመዛዘነ መሆኑን ይጠይቃል። እንግዲህ ስለቱን ካስጣለ በኋላ የወደቀውን ሰው በዚያው ስለት የሚወጋ፣ የሕጉንም የጥበቡንም ድንበር አልፏል።

የቀረው ከሁሉ የሚከብደው ነገር ነው፤ ይኸውም እፍረት ነው። በኛ አገር ሰው ዘንድ መሸሽ ስሙ ክፉ ነው። «ፈሪ ለእናቱ» ስንል ፈሪን ለመንቀፍ እንናገረዋለን። በጦር ሜዳ ስለ አገር የቆመ ሰው ቢሸሽ ነቀፋው እውነት ነው፤ ከጀርባው አገር አለና። በጨለማ መንገድ ስለ አንድ የኪስ ቦርሳ ወይም ስለ አንድ ክፉ ቃል የሚሞት ሰው ግን ከጀርባው ያለው ምንድን ነው? ከጀርባው ያለችው እናቱ ናት፤ ሚስቱና ልጆቹ ናቸው። እነርሱን ሳይጠይቅ ሕይወቱን ለማያውቀው ወሮበላ የሚሰጥ ሰው ጀግና ሳይሆን፣ የሌላውን ሀብት በእልክ የሚያባክን ሰው ነው። ልጁን ወይም ሚስቱን ትቶ መሸሽ የማይቻለው ሰው ግን ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ መቆም ግዴታ ይሆናል፤ ያን ጊዜም ቢሆን የሚቆመው እነርሱ እስኪያመልጡ ድረስ ነው።

የጥበቡም ታሪክ ለዚህ ይመሰክራል። አፈ ታሪኩ ስለ ልጃገረዲቱ ሲናገር፣ ጕልበተኛው በመጣባት ቀን ተጋጠመችው አይልም፤ ወደ ተራራው ሄደች፣ ተማረች፣ በመረጠችውም ቀን ተመለሰች ይላል። ኢፕ ማንም ቤቱንና ሀብቱን ትቶ ባይሻገር ኖሮ፣ በሆንግ ኮንግ ከሠራተኞች ማኅበር አዳራሽ ተነሥቶ ዓለምን የዞረው ትምህርት ከኛ ዘንድ መድረሱ ያጠራጥር ነበር። እንግዲህ ይህ የእጅ ጥበብ ወደ ቀጥተኛው መሥመር ግባ ብሎ የሚያስተምር ሲሆን፣ እርሱ ራሱ ግን የተረፈው መሄድ በሚገባቸው ጊዜ በሄዱ ሰዎች ነው።

የእኅታችን ልጅ ያን ነጭ ሸሚዝ እናቱ እንዳታጥበው ለምኖ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ልምምዱን አላቋረጠም፤ እንዲያውም ከቀድሞው ይልቅ ይተጋል። ነገር ግን በመሸ ጊዜ በዚያ ሰው በሚሳሳበት መንገድ መሄዱን ትቶ፣ መብራትና ሱቅ ባለበት በረጅሙ መንገድ ዞሮ ይመጣል፤ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህልም ይዘገያል። እናቱ ይህን በሰማች ጊዜ ምንም አላለችም፤ እራቱን ግን እስኪመጣ ድረስ ሳታቀርብ ትጠብቀዋለች። እኛም ወንድ ልጅም ሆነ ሴት ልጅ ያላቸውን አንባቢዎቻችንን የምንመክራቸው፣ ልጆቻቸው ይህን ጥበብ ሊማሩ ቢወዱ እንዳይከለክሏቸው ነው፤ ነገር ግን ምን ያህል መምታት እንደ ተማሩ ከመጠየቃቸው በፊት፣ በየት በኩል ወደ ቤት እንደሚመለሱ ይጠይቋቸው።